ያዘዝነውን እንጂ ያሰብነውን አይሠራም

አንዲት የዚህ ዓምድ ተከታታይ እናት በቅርቡ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፤ «ልጄ ከትምህርት ቤት እንደመጣ ኮምፒውተሩ ላይ ሰማያዊ መስኮት ከፍቶ መጻፍ ነው። ጌም አይደለም፣ ፊልም አይደለም። ሥዕል የለው፣ ድምፅ የለው። ዝም ልበለው ወይስ ልከልክለው?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ያወቅሁት ግን ተምሬው ሳይሆን ቤቴ ደርሶብኝ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የእኛን ቤት ጉድ ላጫውታችሁ፤ ምክሩ ከዚያ ይከተላል።

የእናቴ ሁለተኛ ሙት ዓመት ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ጥሩ ፎቶዋን አሳጥበን ሳሎን ልንሰቅል ተስማማን። እህቴ ከካሜራዋ፣ ወንድሜ ከራሱ ካሜራ፣ የቀረነው ደግሞ ከስልካችንና ከቴሌግራም ያገኘነውን ሁሉ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ አጠራቀምነው። ከ11 ሺህ በላይ ፎቶ ሆነ። አንዱ ፎቶ ሦስትና አራት ቦታ ተገልብጦ ስለነበር ዲስኩ ጢም ብሎ ሞላ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና እያፈላሁ፣ አሥረኛ ክፍል የሆነውን ልጄን «እስኪ ይህን ዲስክ አጽዳልኝ፤ የተደጋገመውን አውጣው» አልኩት። «በሁለት ደቂቃ አጸዳልሻለሁ፣ እማዬ» አለኝና ያንን ሰማያዊ መስኮት ከፈተ። ጥቂት መስመር ጻፈ። ቶናው ሳይቀዳ «ጨረስኩ» አለ። ባየው እውነትም የዲስኩ ግማሽ ባዶ ሆኗል። «ጎበዝ የኔ ልጅ!» ብዬ ግንባሩን ሳምኩት።

ማታ ቁጭ ብዬ የምፈልገውን ፎቶ አሰሳ ገባሁ። እናቴ ካሜራ ፊት ስትቆም ኮስተር የምትል ሴት ነበረች። ከልቧ የሳቀችበት ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ በታናሽ እህቴ ቅልቅል ቀን፣ መሶብ አቅፋ። ያንን ፎቶ አጣሁት። ስሙ አለ፤ ስከፍተው ግን የወጣው ወንድሜ ያነሳው የመኪና ጎማ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። እህቴና ወንድሜ የገዙት አንድ ዓይነት ካሜራ ነበር። ካሜራ ለፎቶ ስም የሚያወጣው በተራ ቁጥር ነው። ስለዚህ የእህቴ 412ኛ ፎቶና የወንድሜ 412ኛ ፎቶ በስም አንድ ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ልጄ «ስማቸው አንድ ከሆነው አንዱን አስቀር፣ ሌላውን አጥፋ» ብሎ አዘዘ። ኮምፒውተሩም ሳይጠይቅ፣ ሳያመነታ አጠፋ።

ጮህኩ። በሕይወቴ ለልጄ ተናግሬው የማላውቀውን ቃል ተናገርኩት። «ሁለተኛ ይህን ኮምፒውተር እንዳትነካ!» አልኩት። እሱ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ባለቤቴ ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆየና «አጽዳ ያለው ማን ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። «አጽዳ» አልኩት እንጂ እንዴት እንደሚያጸዳ አልጠየቅኩትም። ሲጨርስም ምን እንዳጠፋ ሳላይ ነው ግንባሩን የሳምኩት።

ከጠፋ በኋላ የሚደረግ

በዚያ ሌሊት ያደረግነው ትክክለኛ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ዲስኩን ነቅለን አስቀመጥነው። በማውስ ተጭነን የምናጠፋው የኮምፒውተሩ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ይቆየናል። በትእዛዝ መስኮት የጠፋ ፋይል ግን እዚያ አይገባም፤ በቀጥታ ይሄዳል። ይሁን እንጂ በተለመደው ሃርድ ዲስክ ላይ ፋይሉ ወዲያው አይደመሰስም። ቦታው «ባዶ ነው» ተብሎ ይመዘገባል እንጂ፣ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ይዘቱ እዚያው ይተኛል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰባችሁ በዚያ ዲስክ ላይ ምንም ነገር አትገልብጡ፣ ፎቶ አትጨምሩ፣ የማስመለሻ ፕሮግራሙንም እዚያው ላይ አትጫኑ። ነቅላችሁ ለሚያውቅ ሰው ውሰዱት። ኤስኤስዲ በሚባሉት አዲሶቹ ዲስኮች ላይ ግን ይህ ዕድል በጣም ጠባብ ነው።

ባለሙያው አብዛኛውን መለሰልን። ስማቸው ሁሉ ስለጠፋ አንድ በአንድ እየከፈትን ለየን። የእናቴ ሳቅ ያለበት ፎቶም ተመለሰ፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ከላይ ፊቷና ነጠላዋ ደህና ነው። ከደረቷ በታች፣ እጆቿና መሶቡ ያሉበት ቦታ፣ ግራጫ ሆኖ ቀርቷል።

ለመሆኑ ያ መስኮት ምንድን ነው?

ከዚያ በኋላ ቁጣዬ ሲበርድ ልጄን ይቅርታ ጠየቅኩት። ቀጥሎም «አስተምረኝ» አልኩት። ለሦስት ሳምንት ማታ ማታ አብረን ተቀመጥን። እኔ ፕሮግራም ጸሐፊ አልሆንኩም፤ የሚሠራውን ለመጠየቅ የሚያበቃኝን ያህል ግን ተምሬአለሁ።

መስኮቱ ፓወርሼል ይባላል። ማይክሮሶፍት በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ሐሳቡን ያመነጨው ጄፍሪ ስኖቨር የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ የውስጥ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ በሊኑክስና በማክ ላይም እንዲሠራ ተደርጓል። በማውስ ከመጠቆም ይልቅ ለኮምፒውተሩ በጽሑፍ ትእዛዝ ይሰጡታል። ትእዛዞችን በፋይል ላይ ደርድሮ ደጋግሞ ማሠራት ሲቻል ያ ፋይል ስክሪፕት ይባላል። በእጅ ሦስት ቀን የሚፈጀውን በደቂቃ ይጨርሳል። ብዙ ኮምፒውተር የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች እንጀራቸውን ከሚጋግሩባቸው ምጣዶች አንዱ ነው። ስለዚህ ለጠየቁኝ እናት መልሴ ይህ ነው፤ አይከልክሉት። ከጎኑ ይቀመጡ።

ትእዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። እኔ እዚህ እንደ አነባበባቸው አስቀምጣቸዋለሁ፤ አጻጻፉን ልጆቻችሁ ያውቁታል። አንድ ደስ የሚል ነገር አላቸው። ሁሉም ግስና ስም ሆነው የተሠሩ ናቸው። «ጌት» የሚል ከፊቱ ካለ አምጣ፣ አሳይ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ትእዛዝ በአመዛኙ ነገር አይነካም። «ሙቭ» ካለ ያዛውራል፣ «ሪኔም» ካለ ስም ይለውጣል፣ «ሪሙቭ» ካለ ያጠፋል። ወላጅ ሌላውን ሁሉ ባያውቅ እነዚህን አራት ቃላት ቢለይ ይበቃዋል።

ለልጆቻችሁ የምትነግሯቸው

አንደኛ፣ ከማጥፋት በፊት ማየት። «ሪሙቭ አይተም» ብሎ ከማዘዝ በፊት፣ በዚያው ምርጫ «ጌት ቻይልድ አይተም» ብሎ የትኞቹ ፋይሎች እንደሚመጡ ዝርዝሩን ማንበብ ነው። ልጄ ይህን ቢያደርግ ኖሮ ሁለት የተለያዩ ፎቶዎች በአንድ ስም መደርደራቸውን፣ መጠናቸውም አንድ አለመሆኑን ባየ ነበር።

ሁለተኛ፣ «ዋት ኢፍ» የሚባለውን ቃል መልመድ። ይህ በትእዛዙ መጨረሻ ላይ ሰረዝ አድርገው የሚጨምሩት ቃል ነው። ትርጉሙ «ቢሆንስ?» እንደማለት ነው። ሲጨመር ኮምፒውተሩ ምንም ሳይነካ «ይህንን፣ ይህንንና ይህንን አጠፋ ነበር» ብሎ ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ልክ ከሆነ ቃሉን አንስቶ እንደገና ማዘዝ ይቻላል። የሚያጠፉ፣ የሚያዛውሩና ስም የሚለውጡ ዋና ዋና ትእዛዞች ሁሉ ይቀበሉታል። «ኮንፈርም» የሚባል ወንድምም አለው፤ እሱ ደግሞ አንድ በአንድ «ላጥፋ?» እያለ ይጠይቃል። የኛን ፎቶ ያድን የነበረው ይህ አንድ ቃል ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ግን ከአፈሰስነው ውስጥ መልቀም የቻልነው ግማሹን ነው።

ሦስተኛ፣ ከማጥፋት ይልቅ ማዛወር። «የሚጠፉ» የሚል ፎልደር ከፍቶ የተጠረጠረውን ሁሉ ወደዚያ በ«ሙቭ አይተም» መውሰድ ነው። እዚያ ወር ይክረም። ማንም «የት ሄደ?» ካላለ ያኔ ይጠፋል።

አራተኛ፣ ድግግምን በስም ሳይሆን በይዘት መለየት። «ጌት ፋይል ሃሽ» የሚባል ትእዛዝ አለ። ለእያንዳንዱ ፋይል ከይዘቱ ተነሥቶ 64 ፊደልና ቁጥር የያዘ ምልክት ያወጣለታል፤ እንደ ጣት አሻራ ቁጠሩት። ስማቸው ቢለያይም ይዘታቸው አንድ የሆነ ፋይሎች አሻራቸው አንድ ነው። ስማቸው አንድ ሆኖ ይዘታቸው ቢለያይ አሻራቸው ይለያያል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ በመንገድ ላይ ተጨምቆ መጠኑ ስለሚቀንስ፣ ለዓይን አንድ ቢመስልም አሻራው ከዋናው አይገጥምም። እንዲህ ያለውን በዓይን አይቶ ትልቁን ማስቀረት የሰው ሥራ ነው።

አምስተኛ፣ በቅጂ ላይ መለማመድ። አሥር ፎቶ ወደ ሌላ ፎልደር ገልብጦ ስክሪፕቱን መጀመሪያ በእነሱ ላይ መሞከር ነው። አሥሩ ላይ ከሠራ በመቶ፣ ከዚያ በሁሉም።

የአማርኛ ጣጣ

ይህን በሌላ ቋንቋ የሚጽፉ ሰዎች አይነግሯችሁም፤ እኛ ግን ያለ እሱ አንሄድም።

እህቴ ፎልደሯን «ሠርግ» ብላ ነበር፤ ወንድሜ «ሰርግ» ብሎ። እኛ ስናነብ አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ንጉሡ «ሠ» እና እሳቱ «ሰ» እንደ «መ» እና «ረ» የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በአንዱ ስትፈልጉ ሌላው አይመጣም። በ«ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ በ«አ» እና «ዐ»፣ በ«ጸ» እና «ፀ»ም እንዲሁ ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ ቤተሰቡ በአንድ አጻጻፍ መስማማት። ሌላው ሲፈልጉ ሁለቱንም ፊደል በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ጎን ለጎን ማስቀመጥ፤ በ«ላይክ» በሚፈለግበት ጊዜ ፓወርሼል «ከእነዚህ አንዱ» ብሎ ይረዳዋል።

ሌላው፣ ስክሪፕቱ ውስጥ የአማርኛ ቃል ካለና ፋይሉ በትክክል ካልተቀመጠ፣ ቃሉ ተተራምሶ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው 5.1 የተባለው ፓወርሼል ይህ ጠባይ አለው። በኖትፓድ ስታስቀምጡ ከታች ካለው ምርጫ «ዩቲኤፍ 8 ዊዝ ቦም» የሚለውን ውሰዱ። ሰባተኛው ፓወርሼል ላይ ይህ ችግር የለም።

የዘመን አቆጣጠርም አለ። የ2010 እንቁጣጣሽ ፎቶ ለኮምፒውተሩ የመስከረም ሳይሆን የሴፕቴምበር 11 ቀን 2017 ነው፤ የዚያው ዓመት ገና ደግሞ ጃኑዋሪ 7 ቀን 2018 ነው። «በየዓመቱ ለይ» ብላችሁ ብታዙ አንዱን የኛ ዓመት ለሁለት ይከፍለዋል። የበዓል ፎቶ በኛ ዘመን እንዲቀመጥ ከፈለጋችሁ ፎልደሩን ራሳችሁ ሰይሙት። ዓመቱን አስቀድሙ፣ ወሩንና ቀኑን በሁለት አኃዝ አስከትሉ፤ ለገና 2010-04-29 እንደማለት። አራተኛውን ወር 4 ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁት፣ ፓወርሼል በስም ሲደረድር አሥረኛውን ወር ያስቀድምባችኋል።

ፋይል ላይ ያለውን ቀንም በጭፍን አትመኑ። ፋይል ሲገለበጥ «የተፈጠረበት» የሚለው ቀን የተገለበጠበት ቀን ይሆናል፤ «የተለወጠበት» የሚለው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደነበረ ይቆያል። በቴሌግራም የመጣ ፎቶ ደግሞ የሚያሳየው ስልካችሁ የገባበትን ቀን ሊሆን ይችላል። የእናቴን የ1998 ፎቶ ኮምፒውተሩ ያምና አድርጎ ነው ያስቀመጠው።

ፈጠን ብለን የምናልፋቸው

ስሙ ውስጥ ክፍተት ያለበት ፎልደር በትእምርተ ጥቅስ መከበብ አለበት። «የእማማ ፎቶ» የሚለውን ያለ ጥቅስ ብትጽፉ ሁለት የተለያየ ነገር ያደርገዋል። ረጅም ስም በእጅ ከመጻፍ ጥቂት ፊደል ጽፎ ታብ የሚባለውን ቁልፍ መጫን ነው፤ ቀሪውን ራሱ ይሞላል፣ የፊደል ስህተትም ያስቀራል። የቀደመ ትእዛዝ ለመመለስ ወደ ላይ የሚያመለክተው ቀስት አለ። የተጀመረ ሥራ ለማስቆም ኮንትሮልና ሲን አብሮ መጫን ነው፤ እስከዚያ የጠፋውን ግን አይመልስም። አንድን ትእዛዝ ያላወቀ ልጅ «ጌት ሄልፕ» ብሎ ስሙን ቢያስከትል ማብራሪያ ያገኛል፤ «ኤግዛምፕልስ» ብሎ ቢጨምር ምሳሌ ያሳየዋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለዚህ ነው። ሥራ ሲጀምር «ስታርት ትራንስክሪፕት» ብሎ ቢያዝ ደግሞ የተጻፈው ትእዛዝና በመስኮቱ ላይ የታየው ውጤት በፋይል ይመዘገባል።

ከኢንተርኔት የተቀዳ ትእዛዝን በተመለከተ ጠንከር በሉ። «ሪሙቭ» ካለበት፣ ፎልደር ውስጥ ያለውን ፎልደር ሁሉ የሚያዳርሰው «ሪከርስ» ካለበት፣ የተደበቀውንና ለንባብ ብቻ የተባለውንም በግድ የሚያልፈው «ፎርስ» ካለበት፣ ልጁ እያንዳንዱን ቃል ሳያስረዳችሁ አይጫን። «አይ ኢ ኤክስ» የሚል ካለበት ደግሞ የተሰጠውን ጽሑፍ እንዳለ እንደ ትእዛዝ የሚያስፈጽም ነው፤ ከሌላ ቦታ የወረደ ነገርም ሊሆን ይችላል። የማታውቁት ሰው የላከውን ጠላ እንደመጠጣት ነው። በቤት ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ ስክሪፕት እንዳይሠራ ከመነሻው ይቆልፋል። ልጆች ቀይ ጽሑፍ ሲወጣባቸው ቁልፉን ጨርሰው ይሰብሩታል። «ሪሞት ሳይንድ» የሚለው ደረጃ ለለማጅ ይበቃል፤ እሱም ለራሱ መለያ ብቻ ይሁን። ለተራ ሥራም መስኮቱን በአድሚኒስትሬተር ሥልጣን አይክፈት።

ለእኛ ለወላጆች

እኔ ከዚህ ሁሉ ለራሴ ያስቀረሁት ሦስት ጥያቄ ነው። ኮምፒውተር የማያውቁ አያትም ሊጠይቋቸው ይችላሉ። «የት ላይ ነው የምትሠራው?» «ሳትነካ መጀመሪያ አሳየኝ።» «ቅጂው የት አለ?» ሦስተኛው መልስ ከሌለው ሥራው አይጀመር። ቅጂ ስል ደግሞ እዚያው ዲስክ ላይ ያለ ሌላ ፎልደር አይደለም፤ ሌላ ዲስክ፣ ቢቻል ሌላ ቤት የተቀመጠ ነው። እኛ ዛሬ አንዱን ቅጂ እህቴ ቤት አድርገናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትሉኝ አልቀየምም።

ለሙት ዓመቱ ፎቶው ታጥቦ ተሰቀለ። ግራጫውን ክፍል ቆርጠን ፊቷን ብቻ ነው ያስቀረነው። የመጡት እንግዶች «እንዴት ያምራል፣ እንዲህ ስትስቅ አይተናት አናውቅም» አሉ። መሶቡን የሚያስታውስ አልነበረም። ልጄ ግን ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ፎቶው ሥር ቆሞ አገኘሁት። «እጇ ነበር እኮ እዚህ ጋ» አለኝ። «አዎ» አልኩት፤ ሌላ ነገር አልጨመርኩም።

ባለፈው ሳምንት የአባቱን የሥራ ፋይሎች እንዲያስተካክል ታዘዘ። ከክፍሉ «እማዬ፣ ነይ እስኪ ዝርዝሩን አብረን እንየው» ብሎ ጠራኝ። ቡናዬን ይዤ ሄድኩ።

ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን።